ያልመጣው ሦስተኛ

ሌኮ፣ ከሐይቁ ዳር፣ ብሎን ፋብሪካው ውስጥ፣
ማንም ሳይነካው ዋጋ ሲገለባበጥ፣
ታርቺዚዮ የሚሉት ጀልባ ጠጋኝ ሰው
አርባ በመቶ ቅናሽ ሳይጠይቅ ደረሰው።
ማን ነው የፈቀደው? ሁሉ ተጠያየቀ፤
ሽያጭ ክፍሉ ማለ፣ ሒሳብ ክፍሉ ሣቀ፤
እኔን ላኩኝ፣ ወደ ኦርኔላ፣ ወደ ምድር ቤት፣
ሰርቨሩ እንደ ቀፎ ዝም ወደማይልበት።

ሥልሳ ሦስት ዓመቷ፤ ጡረታ ቀርቧታል፤
መነጽሯ በክር ደረቷ ላይ ወድቋል፤
አረንጓዴ ፊደል ከጥቁር ስክሪን ላይ
ትለቅማለች እንደ ምስር፣ አንዷን ከአንዷ ስታይ።

«ኤጂዲዮ ነው የጻፈው፤ ነፍሱን ይማረው።
ይህ ንዑስ ፕሮሲጀር ሦስት ነገር ይቀበላል፦
ደንበኛ፣ ዕቃ፣ ቅናሽ።
ቅናሹ በፈቃድ ነው፤ ቢላክ ይላካል፣ ባይላክ ይቀራል።
ኤጂዲዮ ይህን ፈቀደ፤
መጥቶ እንደሆነ መጠየቁን ግን ረሳ።»

«ታዲያ ካልተላከ አርባው ከየት መጣ?»

«ከርሱ በፊት ከተላከው።
ሜሞሪ ቤቱን አይጠርግም፣ ልጄ፤
የትናንቱ እንግዳ የተወውን ቁራሽ
ለዛሬው ባዶ ሳህን ያቀርባል።
ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት
የሚል ቁጥር አለ፤ እርሱን ነው ያነበብነው።

መጀመሪያ ቁጠር። ስንት መጣ በል።
ከሦስት ካነሰ ሦስተኛውን አትንካው።
ሦስት ብለህም በእጅህ አትጻፍ፤
ነገ አንዱ ከፊት አዲስ ቢያስገባ ሦስተኛው አራተኛ ይሆናል፤
ተራውን ከስሙ ጠይቅ።

ግን ቆጠራ ብቻውን ያታልላል።
ሆን ተብሎ የተዘለለ አለ፤
ጠሪው በቦታው ‹የለም› ብሎ የሚልከው፤
እርሱ ይቆጠራል። ወንበሩ አለ፣ ሰውየው የለም።
ስለዚህ ቀጥለህ አድራሻውን እይ፤
ባዶ ከሆነ በሩን አትክፈት፣ ከደጁ ተመለስ።»

«ቅደም ተከተሉን ብገለብጠውስ?»

«ያልመጣውን አድራሻ ከጠየቅኸውማ
የማያውቀውን ቤት ይነግርሃል፤ ታምነዋለህም።»

ምሳ ላይ ፖለንታ በጋራ ስንበላ
የእናቷን ነገር ጀመረች ኦርኔላ።
ሁለት ወንድሞቿ አርጀንቲና ሄዱ፤
በአንድ መርከብ ወጥተው እዚያ ተካካዱ።
ሊቪዮ ለፋሲካ ፖስታ ይልክ ነበር፤
ቴምብር አለው፣ ስም አለው፤ ውስጡ ግን አንድ መስመር
አልነበረም።
እናቷ ግን ገባት፤ «አለሁ» ነው ትርጉሙ፤
«የምለው የለኝም»፤ ያ ነበር ሕመሙ።
ፖስታውን አቆመች ከመስኮቱ ደፍ ላይ፤
ዳግም አልከፈተችውም ሌላ ነገር ልታይ።

ኤቶሬ ግን ጠፋ። ፖስታም የለ፣ ወሬም የለ።
እናትየው ዝምታው ሲከብዳት፣ ስትባባ፣
አሮጌ ደብዳቤ ከመሳቢያው ስባ
«ቅዳሜ እመጣለሁ» ያለውን አነበበች፤
ዶሮ አርዳ፣ አልጋ አንጥፋ፣ ጣቢያ ወርዳ ጠበቀች።
ያ ቅዳሜ ካለፈ ሃያ ዓመት ሆኖታል።
ባቡሩ ቆመ፤ ሁለት ወታደሮች ወረዱ፤ ባቡሩ ሄደ።

«ባዶው ፖስታ አላሳበዳትም» አለች ኦርኔላ ማንኪያዋን እየጠረገች፤
«ያሳበዳት ያልመጣውን ማንበቧ ነው።»

ከሰዓት ሁለት መስመር ጨመርን፤
አንዱ ቆጠረ፣ አንዱ አድራሻ ጠየቀ፤
ሁለቱን ያለፈ ቅናሹን ይውሰድ፤ አለዚያ ዜሮ።
ሦስት ጊዜ ፈተንነው፤
አንዴ ቅናሽ ይዘን፣ አንዴ በባዶ ቦታ፣ አንዴ ጨርሶ ሳንልክ።
ሦስቱንም ጊዜ እውነቱን ተናገረ።
ከኤጂዲዮ ስም ሥር የእኔን እንድጽፍ አዘዘችኝ፤ ቀኑንም ጭምር።
እኔ ጨበጨብኩ። እርሷ ወደ መስኮቱ ዞረች፤
ከምድር ቤት የሚታየው የሰው እግር ብቻ ነው፤
የሚያልፉትን ጫማዎች ትቆጥር ነበር መሰለኝ።

ሰኞ ጠዋት ስልኩ ጮኸ፤ ታርቺዚዮ ነው።
«ያለፈው ወር ቅናሼ የት ደረሰ?»
ኦርኔላ እጀታውን በትከሻዋ ይዛ፣
«የሌላ ሰው ነበር» አለችው።
ጥቂት ዝም አለና፣
«የማን?» አለ።

ወደ ስክሪኑ አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ።
ይህን የሚመልስ ፓራሜትር አልነበረንም።